ስለ ዶሮ ርቢና ስለ አየር ጠባይ መለዋወጥ፤ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር

የአገር ሀብት በሚቈጠርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው መሬትና በሬ ነው፤ ከዚያም በጉና ፍየሉ፥ ፈረሱና በቅሎው ይከተላል። ዶሮ ግን በጓዳ የምትኖር፥ በሴቶች እጅ የምትጠበቅ ስለ ሆነች በሹማምንት መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የምትገኘው በመጨረሻው መስመር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽማ አትገኝም። ነገር ግን የገበሬው ቤት በክፉ ዘመን የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በምን ምክንያት እንደ ሆነ በጥንቃቄ የመረመረ ሰው፥ ይህች ታናሽ እንስሳ ለበሬው ቤዛ መሆኗን ይረዳዋል።

ነገሩም እንዲህ ነው። ዝናብ ሲጐድል ወይም ውርጭ ገብሱን ሲመታ ገበሬው ወዲያው በሬውን ወደ ገበያ አይነዳም። አስቀድሞ ዕንቍላሉን፥ ቀጥሎ ዶሮውን፥ ከዚያም በጉን ይሸጣል፤ በሬው የሚሸጠው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በሬውን የሸጠ ገበሬ ግን ዝናቡ በሚቀጥለው ዓመት ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት ስለሌለው መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል፤ የአንድ ዓመት ችግርም የብዙ ዓመት ድህነት ይሆናል። ስለዚህ በጓሮው አሥር ዶሮ ያለው ቤትና አንድም የሌለው ቤት፥ መሬታቸውና በሬያቸው እኩል ቢሆን እንኳ፥ ድርቅ በመጣ ጊዜ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ወደ በሬው ከመድረሱ በፊት የሚሻገርበት ድልድይ አለው፤ ሁለተኛው ግን የለውም።

በሬ ያለቀበት አገር ምን እንደሚደርስበት የሸዋ ሰው ከአባቶቹ ሰምቶ ያውቀዋል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቈየው ክፉ ቀን፥ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ በመላው ኢትዮጵያ ተዛመተ። ከአገሩ የቀንድ ከብት ከመቶ 90 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሳያንስ፥ ዘሩም ፈጽሞ ሳይጠፋ፥ የሚያርስ በሬ በመታጣቱ ሕዝቡ በረኀብ አለቀ፤ ዐፄ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። ያ በሽታ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ከምድር ላይ መጥፋቱ በዓለም መንግሥታት ፊት ታውጇል። ትምህርቱ ግን አልጠፋም፤ በሬውን ከሽያጭና ከሞት የሚጠብቅ ነገር ሁሉ እህልን እንደሚጠብቅ ይቈጠራል።

ስለ አገሩ አየር

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፥ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቈረቈሯት ይህች ከተማ ዛሬ የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ርቃ በተራራው አፋፍ ላይ የተቀመጠች፥ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ የነበረች፥ ዐፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው አስቀድሞ የነገሡባት ናት። ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የወረደ መንገደኛ ከገብስና ከባቄላ አገር ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ ከማሽላ አገር ይገባል፤ የጥንቱ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ አልዩ አምባም በዚሁ ቍልቍለት ላይ ይገኛል። እንግዲህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ዶሮ በብርድ የምትሞትበትና ዶሮ በሙቀት የምትደክምበት አገር ጐን ለጐን አሉ ማለት ነው። ለደጋው የተሰጠ ምክር ለቆላው አይሆንም፤ ለቆላው የተሰጠውም ለደጋው አይሆንም።

አገሩ ሁለት ዝናብ አለው። አንደኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንበው በልግ ነው፤ ሁለተኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ክረምት ነው። በደጋው ራስ ላይ፥ የክረምቱ ውርጭና ውሃ የተኛበት መሬት እህልን ስለሚጐዳ፥ ብዙው ገበሬ ተስፋውን የሚጥለው በበልግ ገብስ ነው። በልግ በቀረ ጊዜ ቤተ ሰቡ እስከ መኸር ድረስ ባዶ ጐተራ ይዞ ይቈያል።

የአየር ጠባይ መለወጡም በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። ሊቃውንት መዝግበው እንዳገኙት ከ1952 ዓ.ም. እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ መካከለኛ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ብሏል። ምክንያቱም በመላው ዓለም ከሚቃጠለው ከሰልና ነዳጅ ዘይት የሚወጣው ጢስ በአየር ውስጥ ተከማችቶ የፀሐይን ሙቀት ስለሚይዝ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ባሕሩ ከወትሮው ይልቅ በሚሞቅበት ዓመት፥ ኤልኒኞ በተባለው ምክንያት፥ የኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ይጐድላል። በ2007 ዓ.ም. በልግና ክረምት እንዲህ ሆኖ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ የእህል ርዳታ አስፈልጎታል።

አንዳንድ ሰው ግን «አየሩ ከሞቀ የደብረ ብርሃን ብርድ ይቀንሳልና ለዶሮ ይጠቅማል» ብሎ ያስብ ይሆናል። ይህ አሳብ ሙሉ አይደለም። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበትና አየሩ በደረቀበት ሌሊት፥ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሳትጠብቅ ወደ ላይ ስለምትለቅ ነው። ስለዚህ የዓመቱ መካከለኛ ሙቀት ከፍ ቢልም፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደመና በሌለበት ሌሊት ውርጭ መውረዱ አይቀርም። የተለወጠው ነገር ገበሬው በአባቶቹ ቍጥር የሚያውቀው የዝናብ መግቢያና መውጫ አለመታመኑ ነው።

ብርድና ሙቀት በዶሮ ላይ ስለሚያደርሱት ጕዳት

ለአካለ መጠን የደረሰች ዶሮ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው አየር ትመቻለች። ከዚህ ይልቅ በቀዘቀዘ ጊዜ ሰውነቷን ለማሞቅ ስትል ብዙ ትበላለች፤ ለዕንቍላል ይሆን የነበረው መኖም ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ከ30 ዲግሪ በላይ በሞቀ ጊዜ ደግሞ መብላትዋን ትቀንሳለች። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። በዚህ ማለክለክ የደሟ ጠባይ ስለሚለወጥ የዕንቍላሉ ቅርፊት ይሳሳል፤ ቅርፊቱ የሳሳ ዕንቍላልም ገበያ ሳይደርስ ይሰበራል።

ስለዚህ ቤቷ እንደ አገሩ መሠራት አለበት። በደጋው ግድግዳው ከድንጋይ ሆኖ በጭቃ ይመረጋል፤ በሩ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የጧት ፀሐይ ይገባበታል፤ በነፋሱ በኩል ዛፍ ወይም የድንጋይ ካብ ይደረግለታል። ከጣራው ሥር ግን ጠባብ መተንፈሻ መተው አስፈላጊ ነው፤ ብርድን ፈርቶ ቤቱን ፈጽሞ የደፈነ ሰው የኵሳቸው ሽታ ታፍኖ ዶሮዎቹ በሳምባ በሽታ ይያዙበታል። በወለሉ ላይ የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ ወፍራም ሆኖ ይነጠፋል፤ ሌሊት የሚያድሩበት ቆጥም ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራል። በቆላው በኩል ግን የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሆኖ፥ የጐኑ ግድግዳ ከወገብ በላይ በሽቦ ወይም በጥርብ ዕንጨት ክፍት መሆን ይገባዋል፤ ጥላ የሚሰጥ ዛፍና ቀኑን ሙሉ የማይጐድል ንጹሕ ውሃም ያስፈልገዋል።

ስለ ጫጩት

የዶሮ ርቢ ትልቁ ኪሳራ ያለው በዕንቍላሏ ማነስ ሳይሆን በጫጩቱ ሞት ነው። ይህንንም በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። አንዲት የአገር ዶሮ 10 ዕንቍላል ብትታቀፍ በ21 ቀን 8 ያህል ትፈለፍላለች ይባል። ከነዚህ መካከል ሁለት ወር ሳይሞላቸው ግማሾቹ በብርድ፥ በበሽታ፥ በጭልፊትና በሸለምጥማጥ ያልቃሉ፤ የሚቀሩት 4 ናቸው። በዓመት ሦስት ጊዜ ብትታቀፍ 12 ይሆናሉ። የሚሞቱት ከ4 ወደ 2 ቢቀንሱ ግን በዓመቱ 18 ይሆናሉ። እነዚህ 6 ዶሮዎች የተገኙት ከሩቅ አገር ዘር ተገዝቶ አይደለም፤ ሊሞቱ የነበሩት ስለ ዳኑ ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ተረት የሚፈጸመው ጫጩቱ ከዳነ ብቻ ነው።

ጫጩት ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያም በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ፥ ላባው ሲወጣ ራሱን ይችላል። በኅዳር ሌሊት ውኃ በሚረጋበት አገር ይህን ሙቀት ያለ እናት ክንፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በከተማ ያሉ አርቢዎች በኤሌክትሪክ መብራት ያሞቃሉ፤ መብራቱ በአንድ ሌሊት ቢጠፋ ግን መቶ ጫጩት በአንድ ጥግ ተቈልሎ ታፍኖ ይገኛል። ፍም በምጣድ ማስቀመጥም እሳትና ጢስ ስለሚያመጣ አደገኛ ነው።

ለዚህ ችግር በጅማ የግብርና መምህራን የተሞከረ፥ ለድኻ የሚቻል መላ አለ፤ ይኸውም የድርቆሽ ሣጥን ነው። ከዕንጨት ወይም ከሸምበቆ አንድ ሣጥን ይሠራና በጐኖቹ ሁሉ ደረቅ ድርቆሽ ይጠቀጠቅበታል፤ በመካከሉም ጫጩቶቹ ተጠጋግተው የሚያድሩበት ክብ ሥፍራ ይተዋል። በላዩ ድርቆሽ የተሞላ ጆንያ ይከደናል፤ ለመተንፈሻ ጥቂት ቀዳዳ ይደረጋል። ጫጩቶቹ የሚሞቁት ከራሳቸው ሰውነት በሚወጣው ሙቀት ስለ ሆነ ኤሌክትሪክም ፍምም አያስፈልግም። ቀን በሽቦ በታጠረ አጥር ውስጥ ይውላሉ፤ ስለዚህ ጭልፊት አይነጥቃቸውም። ሌላም ጥቅም አለው። እናቲቱ ጫጩት በማሳደግ ሁለት ወር ያህል ዕንቍላል መጣል ታቆም ነበር፤ ጫጩቶቹ ወደ ሣጥን ሲገቡ ግን ቶሎ ወደ መጣል ትመለሳለች።

ለመታቀፍ የሚቀመጠው ዕንቍላልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአንድ ሳምንት እስከ 10 ቀን ከቈየ በኋላ የመፈልፈል ኀይሉ ይቀንሳል። በደጋው እናቶች ዕንቍላሉን በእህል ውስጥ ቀብረው የሚያስቀምጡት ከብርድም ከመሰበርም ስለሚጠብቀው ነውና መልካም ልማድ ነው፤ የተጣለበት ቀን በከሰል ምልክት ቢደረግበት ደግሞ አሮጌው ከአዲሱ ጋር አይቀላቀልም።

ስለ ዘር

በ2009 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ቈጠራ በኢትዮጵያ ከነበሩት ወደ 60 ሚሊዮን ከሚጠጉ ዶሮዎች ውስጥ ከመቶ 90 የሚበልጡት የአገር ዘር ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ግን ከ57 ሚሊዮን ዶሮዎች የአገር ዘር የሆኑት ወደ ከመቶ 79 ዝቅ ብለዋል። ይህ የሚያሳየው የተሻሻሉና የተዳቀሉ ዘሮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ገበሬው ቤት እየገቡ መሆናቸውን ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው ሥራ በአርባ ምንጭ ከተጀመረ ወዲህም ጫጩት ማከፋፈል በየወረዳው ተስፋፍቷል።

የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቍላል ትጥላለች፤ የተሻሻለችው ግን በመልካም አያያዝ ከ150 በላይ ልትጥል ትችላለች። ይህ ልዩነት ዐይን የሚስብ ነው። ነገር ግን የተሻሻለችው ይህን የምታደርገው በተሟላ መኖ፥ በክትባትና በሞቀ ቤት ነው። የአገርዋ ዶሮ በበኩልዋ ጥሬዋን ጭራ ታገኛለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ትሸሸጋለች፤ ዕንቍላሏንም ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ከዚህ በፊትም ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የተባሉ አውራ ዶሮዎች ለገበሬ ሲታደሉ፥ ብዙ ቦታ ሥራው ሳይዘልቅ የቀረው ዘሩ ስለ ከፋ ሳይሆን ቤቱ፥ መኖውና ክትባቱ አብሮ ስላልሄደ ነው።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም በኢትዮጵያ፥ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ባደረገው ሥራ ሳሶ፥ ኩሮይለር፥ ኮኮክና የተሻሻለው ሆሮ የተባሉት ዘሮች በገበሬዎች ቤት ተሞክረዋል፤ የአማራ ክልልም ከሙከራው ውስጥ ነበረ። ሆሮ የኢትዮጵያ ተወላጅ ዘር ሆኖ፥ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በትውልድ እየተመረጠ የተሻሻለ ነው። ይህም ለአገሩ አየር የተለማመደው ዘር ጠባዩን ሳይለቅ ፍሬው ሊበዛ እንደሚችል ያስረዳል።

የደብረ ብርሃን ሹማምንት በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሦስት አሥረኛ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ምክንያት ለሥጋ ብቻ የተዳቀሉት፥ በስድስት ሳምንት የሚደርሱት ፈጣን ዶሮዎች፥ ልባቸውና ሳምባቸው ሰውነታቸውን መከተል ስለሚያቅተው ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ ይሞታሉ። ብርዱም ይህን በሽታ ያብሰዋል። በቆላ የተጣለ ዕንቍላል ወደ ደጋ መጥቶ ሲታቀፍም የሚፈለፈለው ያንሳል። እንግዲህ በቢሾፍቱ መልካም ሆኖ የታየ ዘር ሁሉ በደብረ ብርሃን መልካም ይሆናል ብሎ ማዘዝ ገንዘብ ማጥፋት ነው። ለደጋው ቀስ ብሎ የሚያድግ፥ ላባው የበዛ፥ ሥጋም ዕንቍላልም የሚሰጥ ዘር ይሻላል፤ ለአንኮበር ቆላ ደግሞ መላጣ የተባለችው፥ አንገቷ ላባ የሌላት የአገር ዶሮ፥ ሙቀቷን በቀላሉ ስለምታስወጣ የተናቀች ልትሆን አይገባም።

ስለ መኖ

ዶሮ ለሰው ከሚሆነው ገብስ ጋር የምትሻማ ከሆነች በክፉ ዘመን ጠላት ትሆናለች እንጂ ረዳት አትሆንም። ስለዚህ መኖዋ ሰው ከማይበላው መዘጋጀት አለበት። በአውድማ የሚቀረው እብቅና ቅንጣቢ፥ የወፍጮ ፉርሽካ፥ የኑግ ፋጉሎ፥ በፀሐይ የደረቀ የጠላ አተላ፥ የጐመን ቅጠል ለዚህ ይሆናሉ። በደብረ ብርሃን ሁለት ታላላቅ የቢራ ፋብሪካዎች ስላሉ ከነርሱ የሚወጣው የብቅል ተረፈ ምርት ደርቆ በመጠኑ ቢደባለቅ ዋጋው ይቀንሳል፤ እርጥቡን ማከማቸት ግን ስለሚሻግት ክልክል ነው። ለቅርፊት ማጠንከሪያ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ተቈልቶ የደቀቀ የዕንቍላል ቅርፊት ይሰጣል። የቅማልን መድኃኒት ለሚሻ ደረቅ ዐመድ በጕድጓድ ማድረግ ይበቃል፤ ዶሮዎቹ ራሳቸው ይታጠቡበታል።

ስለ ፈንግል

በገበሬው ዘንድ ፈንግል የሚባለው በሽታ በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ መንደር ዶሮ ሊጨርስ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በበጋው መጨረሻና ዝናብ በሚጀምርበት ወራት ነው። ከተያዘች በኋላ የሚያድናት መድኃኒት የለም፤ የሚረዳው አስቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። ክትባቱን በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያዘጋጃል። ከዓይነቶቹ አንዱ፥ አይ 2 የተባለው፥ ሙቀትን የሚችል ስለ ሆነ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በጥላ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅሎ ወደ ሩቅ ቀበሌ ሊወሰድ ይችላል። አሰጣጡም በዐይን አንዲት ጠብታ ነው፤ በየአራት ወሩ ይደገማል። አንዲት የሠለጠነች የመንደር ሴት በአንድ ጧት የጎረቤቶቿን ዶሮ ሁሉ ልትከትብ ትችላለች።

የዝናቡ መግቢያ በተለዋወጠበት ዘመን ግን ክትባቱን በዓመት በአንድ በተወሰነ ቀን ማድረግ አይበቃም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበጋ፥ ከበልግና ከክረምት በፊት ስለሚመጣው ወቅት ትንበያ ያወጣል። የወረዳው ሹም ይህን ከሰማ በኋላ ዝናቡ ይጀምራል ከተባለበት ጊዜ አንድ ወር አስቀድሞ ክትባቱ እንዲፈጸም ቢያዝ፥ ወረቀቱ ከመሳቢያ ወጥቶ ሥራ ሠራ ማለት ነው። በበሽታ የሞተችውንም ዶሮ ወደ ወንዝ መጣል ወይም የቀረችውን ፈጥኖ ወደ ገበያ መውሰድ በሽታውን ወደ ጎረቤት መንደር መላክ ስለ ሆነ መከልከል አለበት።

ስለ ገበያና ስለ ወራት

የዶሮ ገበያ ከጾምና ከበዓል ጋር የተያያዘ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ዋጋው ይወድቃል፤ በፋሲካ፥ በእንቍጣጣሽና በገና ይወጣል። የአገር ዘር አውራ ዶሮ ለገበያ የሚደርሰው ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፥ ለሚያዝያ ፋሲካ የሚሸጠው በመስከረምና በጥቅምት መፈልፈል አለበት። ችግሩ ይህ ወቅት ለደጋው የውርጭ መግቢያ መሆኑ ነው፤ ብዙ ጫጩት ሞቶ ገበሬው ለፋሲካ ባዶ እጁን የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የድርቆሽ ሣጥን በዚህ ጊዜ ዋጋውን ይመልሳል። በየካቲትና በመጋቢት የተፈለፈሉት ደግሞ ለመስከረም እንቍጣጣሽ ይደርሳሉ፤ ለነዚህ የሚያሰጋው ፈንግል ስለ ሆነ ክትባቱ እንዳይዘገይ ያሻል። በሐምሌና በነሐሴ ማስታቀፍ ግን ጥሬ በጐደለበትና እርጥበት በበዛበት ጊዜ ስለሚሆን አይመከርም።

በድርቅ ዓመትም ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ዶሮውን ቢያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ የእህሉ ዋጋ ደግሞ በዚያው ቀን ይወጣል። ስለዚህ በልግ መቅረቱ እንደ ታወቀ፥ ችግሩ ሳይጠና፥ አውራዎቹንና ያረጁትን አስቀድሞ ሸጦ እህል መግዛት፥ ቄቦቹንና ጥቂት አውራዎችን ለዘር ማስቀረት ይሻላል። ዘሩን ጨርሶ የሸጠ ቤት ዝናቡ ሲመለስ ከባዶ ይጀምራልና።

ሹማምንት ሊያደርጉት ስለሚገባው

በጥንት ዘመን በገበሬው ቤት ያለችው ዶሮ የምትታሰበው ድርጎ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነበር፤ ሹም ሲያልፍ፥ እንግዳ ሲመጣ፥ ዕንቍላሉና ዶሮው ከገበሬው ጓዳ ይወጣ ነበር። ያ ሥርዐት ቀርቷል። ነገር ግን ዛሬም ቍጥር ለማሳየት ብቻ የሚደረግ ማከፋፈል አለ። በሪፖርት ላይ የሚጻፈው «ይህን ያህል ሺህ ጫጩት ታደለ» የሚለው ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጫጩቱን በዱቤ የወሰደችው ሴት ጫጩቱ ቢሞትባትም ዕዳው አይሞትላትም። ለመቋቋሚያ የተሰጣት ነገር ዕዳ ሆኖ ሲቀር፥ እርሱን ለመክፈል በጓን ትሸጣለች፤ ስለዚህ ያልታሰበበት ዕደላ ድርቅ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ በየወረዳው መዝገብ ላይ ሦስት ዓምድ ቢኖር ይበጃል። በአንደኛው የታደለው፥ በሁለተኛው ከሁለት ወር በኋላ በሕይወት የተገኘው፥ በሦስተኛው የሞተበት ምክንያት ይጻፋል። የሹም ሥራ የሚመዘነው በሁለተኛው ዓምድ ቢሆን ብዙ ነገር በራሱ ይስተካከላል። ብርድ ብዙ ጫጩት የገደለበት ቀበሌ ሣጥን እንደሚያስፈልገው፥ ፈንግል የገደለበትም ክትባት እንደሚያስፈልገው ከሦስተኛው ዓምድ ይታወቃል።

ከዚህ ጋር የሚከተሉት ነገሮች በሹማምንት እጅ ያሉ ናቸው። አንደኛ፥ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማሞቂያ ለሌለው የደጋ ቤት የቀን ጫጩት አለማደል፤ ማደል ግድ ከሆነም ላባቸው የወጣና የተከተቡ ከሁለት ወር ያላነሱ ቄቦችን መስጠት። ሁለተኛ፥ ዶሮዋን የምትጠብቀው ሴቲቱ ስለ ሆነች፥ ምዝገባውም ትምህርቱም ገንዘቡም በስሟ እንዲሆን ማድረግ። ሦስተኛ፥ በየቀበሌው ሁለት ሦስት ሴቶች ክትባት እንዲማሩ ማድረግና የክትባቱ ብልቃጥ በጊዜው እንዲደርሳቸው መቈጣጠር። አራተኛ፥ ደጋውንና ቆላውን ለይቶ ዘር ማዘዝ፤ ለዚህም በደብረ ብርሃን የሚገኘውን የግብርና ምርምር ማዕከል ሊቃውንት አስቀድሞ መጠየቅ። አምስተኛ፥ የሚቲዎሮሎጂው ትንበያ በገበያ ቀን፥ በዕድርና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገር ማድረግ።

ሰፊ ማሳ ያላቸው ባለይዞታዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። የአውድማቸውን እብቅና ቅንጣቢ ከማቃጠል ይልቅ ለጎረቤት አርቢ ቢሰጡ፥ በነፋሱ በኩል ዛፍ ቢተክሉ፥ በራሳቸው ቤት አንድ የድርቆሽ ሣጥን አሠርተው ቢያሳዩ፥ ገበሬው ከብዙ ንግግር ይልቅ በዐይኑ ያየውን ይከተላል።

ዶሮ የእህልን ቦታ ልትተካ አትችልም። በልግ የቀረበትን አገር በዕንቍላል ብቻ መመገብ አይቻልም፤ የእህል መጠባበቂያ፥ የአፈር ጥበቃና የመስኖ ሥራ ሁሉ በየቦታቸው ያስፈልጋሉ። የዶሮዋ ሥራ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም የተወሰነና የታወቀ ነው፤ ገበሬው ከችግሩ መጀመሪያ ቀን ጀምሮ እስከ በሬው ገመድ ድረስ ያለውን መንገድ ታስረዝምለታለች። የሦስት ወር ዕድሜ ብትጨምርለት ብዙ ጊዜ ዝናቡ የሚመለሰው በዚያ መካከል ነው። ይህን ሦስት ወር ለማትረፍ የሚያስፈልገው አንድ ሣጥን ድርቆሽ፥ በዓመት ሦስት ጠብታ ክትባትና በትክክል የተያዘ መዝገብ ነውና፥ ለእያንዳንዱ ወረዳ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም።